ከአውቶቡሱ በፊት

አውቶቡሱ ሃያ ሜትር ያህል ከኋላዋ ነበር። ዞር ብላ አላየችም። ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ ታፍኖ ሲያቃስት ይሰማታል። የስድስተኛውን ኪሎ ሜትር ምልክት አሁን አልፋለች፤ ሰዓቷ አርባ ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ይላል። ጉልበቷ ደህና ነው። ትንፋሿም ደህና ነው። የፈራችው ሂሳቡን ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ውድድሩ አሥር ኪሎ ሜትር፣ የተፈቀደው ጊዜ ሰማንያ ደቂቃ። ከሯጮቹ ሁሉ ኋላ አንድ የከተማ አውቶቡስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስምንት ስምንት ደቂቃ እየቆጠረ ይከተላል። የአውቶቡሱ አፍንጫ የቀደመው ሰው ይሳፈራል። መንገዱ ከኋላው ለመኪና ይከፈታል።

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአንድ ፋርማሲ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ በአንድ የስፌት መኪና፣ በአንድ ወንበር። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። እንደጠመጠመችው ባንክ ሄዳ ተሰልፋ ታውቃለች። መንገድ ላይ ከሰው ፊት ይልቅ የሚታያት እጅጌና ቁምጣ ነው። «ያ ሰውዬ ሰላም ብሎሽ ዝም አልሽው» ሲሏት፣ «የኮቱ ትከሻ ወደ ግራ ወርዶ እሱን ሳይ» ትላለች።

ሩጫ የጀመረችው በሐኪም ነው። ሐኪሙ ሦስት ወር እንቅስቃሴ እንድትሞክር፣ ካልሆነ መድኃኒት እንድትጀምር ነግሮ ወረቀት ሰጣት። እሷ ሦስቱን ወር ዘልላ በዚያው ቀን ጎረቤቷ ፋርማሲ ገባች። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አንብባ መለሰችላት።

«እትዬ፣ ይሄን አልሸጥልሽም። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነዳጅ ማደያው ጋ ጠብቂኝ።»

«ለምን?»

«ልንሮጥ።»

«ከአንቺ ጋር? አንቺ እኮ ገና ሠላሳ ዓመትሽ ነው።»

«ሠላሳ ሁለት። ካልመጣሽ ቤት መጥቼ በር አንኳኳለሁ።»

መጣች። የመጀመሪያው ቀን ሁለት የመብራት ምሰሶ ሮጣ አምስት ምሰሶ ተራመደች። በስድስተኛው ወር ለውድድሩ ተመዘገበች።

ይህ አምና ነው። አምና ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አውቶቡሱ ደረሰባት። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ፣ «እህቴ፣ ግቢ። ወንበር አለ» አላት። ገና ደረጃው ላይ እያለች አለቀሰች። ሹፌሩ ሃምሳ አምስት የሞላው፣ ሆዱ መሪውን ሊነካ ጥቂት የቀረው ሰው ነው። በመስታወት አይቷት፣ «እኔ አንዱንም አልሮጥኩም፤ አንቺ ሰባቱን ሮጠሽ ታለቅሻለሽ?» አላት። በሳምንቱ ነዳጅ ማደያው ጋ ቱታ ለብሶ ብቅ አለ። የቱታው ወገብ ጠብቦት ስለነበር ሰፊዋ በዚያው ቀን አሰፋችለት።

የአምናው ጣጣ በልቅሶው አላበቃም። አውቶቡሱ መጨረሻው መስመር ላይ ሲቆም፣ ሜዳሊያ የምታድለው ልጅ ማን በእግሩ፣ ማን በጎማ እንደመጣ ሳትጠይቅ ለወረደው ሁሉ አጠለቀች። ሰፊዋ የደረሳትን ቤት ወስዳ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ሸጎጠችው። እናቷ ልብስ ሲያጣጥፉ አገኙት። ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሚስማር አስመትተው ሰቀሉት። ቤት የገባ ሁሉ፣ የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሳይቀር፣ «ይሄን ልጄ ሮጣ ያመጣችው ነው» ይባላል። ሰፊዋ እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው።

አምና እናትየው ጉንፋን ይዟቸው ቤት ቀርተው ነበር። ዘንድሮ፣ «መጨረሻው ላይ ቆሜ ስትገቢ ላይሽ ነው» አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ካሉ አሉ ነው።

ስለዚህ ሰፊዋ ወይ በእግሯ ትገባለች፣ ወይ እናቷ ዓይናቸው እያየ ከአውቶቡስ ትወርዳለች።

ዓመቱን ሙሉ ሦስቱ በሳምንት ሦስት ቀን ሮጡ። ፋርማሲስቷ ፈጣን ናት፤ ወደ ፊት ትሄድና ትመለሳለች፣ «ሞታችኋል?» ብላ ትጠይቃለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ሹፌሩ ሮጦም ሹፌር ነው። ትንፋሽ ባገኘ ቁጥር፣ «ቀጣይ ፌርማታ፣ ቢጫው ግንብ! ወራጅ አለ?» ይላል። ጉልበቱ ሲያመው «ጋራዥ መግባቴ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ሲጨርሱ የነዳጅ ማደያው የጎማ አየር መሙያ አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ይጠጣሉ። ሰፊዋ ከእናቷና ከደንበኞቿ በቀር ከሌላ ሰው ጋር ያወራችበት ዘመን አልነበራትም። አሁን ሹፌሩ የሴት ልጁን ፈተና ውጤት ከሚስቱ ቀድሞ ይነግራታል፤ ፋርማሲስቷ ሊያገባት ስለሚፈልገው መሐንዲስ አስተያየት ትጠይቃታለች። ሰፊዋም «ሱሪው አጭር ነው፤ ግን ሰውየው ደህና ነው» ብላ ፈርዳለች።

የሚሮጡበትን መንገድ የለካው ሹፌሩ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ አውቶቡስ ባዶውን ወደ ጋራዥ ሲመልስ ከነዳጅ ማደያው ዳገቱ ላይ እስካለው ውሃ ማጠራቀሚያ ነዳበት። ቆጣሪው አምስት ኪሎ ሜትር አለ፤ ደርሶ መልስ አሥር። ፋርማሲስቷ ስልኳን ይዛ ሮጠችውና አሥር ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ ሜትር መጣላት።

«ስልክ ከሰማይ ነው የሚለካው» አለ ሹፌሩ። «የእኔ ጎማ መሬቱን ነክቶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፤ ኪሎ ሜትር ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?»

ሁለቱ ወደ ሰፊዋ ዞሩ። ሰፊዋ በሥራዋ ፈረደች። ሰውን በሩቁ በዓይን የሚለካ ሰፊ ምን ዓይነት ሱሪ እንደሚሰፋ ታውቃለች። «የነካው ይሻላል» አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ የፈጠነችው ሰማንያ አራት ደቂቃ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሞከረች፤ ሰማንያ አራት አልወርድ አለ።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ሹፌሩ ፊቱን ጥሎ መጣ። ዘንድሮም ያንን አውቶቡስ የሚነዳው እሱ ነው። ቀይሩኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ የስምሪት ኃላፊው «አምና ያለ አንድ ስህተት ነድተህ የለ?» ብሎ ከለከለው።

«ጋሼ፣ አንተ ትንሽ ዘግየት ብትልላትስ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ፌርማታ ላይ ዘግይቼም ቀድሜም አላውቅም።»

«ተዪው» አለች ሰፊዋ። «ዘግይቶ ከጠበቀኝ፣ ያው በአውቶቡስ መጣሁ ማለት ነው።»

«እህቴ፣ ከደረስኩብሽ አስገባሻለሁ።»

«ከደረስክብኝ እገባለሁ።»

ተጨባበጡ።

እና አሁን፣ ከስድስተኛው ምልክት በኋላ፣ አውቶቡሱን የምትቀድመው በሃያ ሜትር ብቻ ነው። ኪሎ ሜትሩን ከስምንት ደቂቃ በታች ሮጣ አታውቅም፤ ዛሬ ስድስት ጊዜ ደጋግማ ሮጣለች። ስለዚህ ከአቅሟ በላይ እየሄደች ነው፤ ስለዚህ እንደ አምናው ሰባት ላይ ትወድቃለች። ከሦስተኛው ምልክት ጀምሮ ጉልበቷን ስትቆጥብ የቆየችው ለዚህ ነው። እጇን ብታነሳ አውቶቡሱ ይቆማል። ሹፌሩን ለምና ከመጨረሻው መስመር አንድ መንገድ ቀደም ብላ ብትወርድስ? «ገብቼ ነበር፤ በሰው ብዛት አላየሽኝም» ብትልስ? እጇ ከወገቧ ከፍ አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሹፌሩ ሌላ ሂሳብ ይዟል። አጠገቡ ከአዘጋጆቹ የተላከ ተቆጣጣሪ ተቀምጧል፤ ወጣት ነው፣ በአንገቱ ፊሽካ፣ በእጁ መቁጠሪያ ሰዓት፣ በጉልበቱ ደብተር። ከኋላ አምስት ተሳፋሪ አለ። ሹፌሩ መነሻው ላይ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጎ ነበር። የመጀመሪያው ምልክት ላይ ሲደርስ ቆጣሪው ከአንድ ኪሎ ሜትር ስድሳ ሜትር አጎደለ። ምልክቱን የተከለው ሰው ተሳስቷል ብሎ አለፈው። ሁለተኛው ላይም ሌላ ስድሳ ጎደለ። ሦስተኛው ላይም። ስድስተኛው ላይ ቆጣሪው አምስት ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ አርባ አለ። ስድስት ምልክት በአንድ ልክ አይሳሳትም።

ያኔ ጎማው ትዝ አለው። አምና ጋራዡ ልኩን አጥቶ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ ገጥሞለታል። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን የሚቆጥረው ዙሩን ነው።

«ወይ ጉድ!» አለ።

«ምን ሆኑ?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ሴትዮዋን ዓመት ሙሉ በትርፍ አስሩጫታለሁ!»

ፌርማታ የሚጠራበትን ማይክ አነሳ። ድምፁ ከአውቶቡሱ ውጪ ባለው ድምፅ ማጉያ መንገዱን ሞላው።

«እህቴ! ስሚኝ! ጎማው ነው!»

ተቆጣጣሪው ደብተሩን ጣለ። «ጋሼ፣ ማይኩ ለሯጭ ምክር መስጫ አይደለም!»

«ምክር አይደለም፤ የቴክኒክ ማስታወቂያ ነው» አለና ቀጠለ። «የእኛ አሥር፣ አሥር አይደለም! አሥር ከስድስት መቶ አርባ ነው! የልጅቷ ስልክ ልክ ነበር! ሰማንያ አራትሽ ሰባ ዘጠኝ ነው!»

እጇ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?» ጮኸች፣ ሳትዞር።

«ሰባ ዘጠኝ!»

«አንተ ሰውዬ! ክረምቱን ሙሉ?»

«ክረምቱን ሙሉ!»

«ያንን ዳገት?»

«ዳገቱን ጨምሮ!»

አምስቱ ተሳፋሪዎች ሳቁ። ሰፊዋ አልሳቀችም። አንድ ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ስድስት መቶ አርባ ሜትር። ያንን ሁሉ ጨርቅ ቀድዳ የጣለች መሰላት። ንዴት እግሯ ውስጥ ገባ። ጉልበቷን መቆጠብ ተወች።

ሃያው ሜትር ሠላሳ ሆነ፤ ከዚያ አርባ። አንድ ወፍራም ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ፣ እዚህ ሞልቷል፤ እንዳትመጪ!» አላት። አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። መንገድ ዳር ባለ ቤት በረንዳ ላይ ጥርሱን ሲቦርሽ የነበረ ሰው ቡርሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ አጨበጨበ። ሹፌሩ በማይክ ፌርማታ መጥራት ጀመረ፤ «ቀጣይ ፌርማታ፣ ሰባተኛ ኪሎ ሜትር፣ ወራጅ የለም!» ተቆጣጣሪው ፊሽካውን ነፋ፤ ተሳፋሪዎቹ ለእሷ የነፋላት መስሏቸው አጨበጨቡለት። ስምንተኛው ላይ ተቆጣጣሪው፣ «እየዘገዩ አይደለም አይደል?» ብሎ ጠየቀ። «ሰዓትህን እየው» አለ ሹፌሩ። ተቆጣጣሪው አየው። ስድሳ አራት ደቂቃ ልክ።

መጨረሻው መስመር ላይ እናትየው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፋርማሲስቷ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ገብታ፣ ሜዳሊያዋን አጥልቃ፣ አጠገባቸው ቆማለች።

«አምና በስንት ሰዓት ነው የገባችው?» አሉ እናትየው።

«አምና... ሁኔታው ሌላ ነበር፣ እማማ።»

«ምን ማለት ነው ሁኔታው ሌላ ነበር?»

«ያቻትልዎ! መጣች!»

እውነት መጣች። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተነክሷል፤ የሰው ልብስ የምታይ አትመስልም። ከኋላዋ አውቶቡሱ በቀስታ ይከተላል፤ ድምፅ ማጉያው «የመጨረሻ ፌርማታ!» ይላል። መስመሩን በሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ አለፈች። አውቶቡሱ ሰማንያ ደቂቃ ሲሞላ ቆመ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ፣ ሹፌሩን አየ፣ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ጥፋት አጣ።

እናትየው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ያ አውቶቡስ ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚያባርርሽ?»

ሰፊዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እማዬ፣ የአምናው ሜዳሊያ... ሮጬ አይደለም። ሰባት ላይ ደክሞኝ በዚህ አውቶቡስ ነው የመጣሁት።»

«ሰባት ምን?»

«ሰባት ኪሎ ሜትር።»

«ሰባቱን በማን እግር ሮጥሽው?»

«በራሴ።»

«እና ምንድን ነው የምትዪው? አሁን ሁለት አለን።» ወደ አውቶቡሱ ዞሩ። «አንተ! ና ውረድ! ሰው እንዲህ ይባረራል?»

ሹፌሩ ወረደ። ይቅርታ ሊጠይቅ እጁን ዘረጋ። ሰፊዋ እጁን ትታ አንገቱን ይዛ አቀፈችው፤ ላቧ ሸሚዙን አራሰው። «ስድስት መቶ አርባ ሜትር» አለችው በጆሮው። «አልረሳልህም።» ፋርማሲስቷ ደግሞ፣ «ስልኩ ልክ ነበር» አለች። በዚያን ቀን ይህንን አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው።

በተከታዩ ዓመት ሹፌሩ ራሱ ሊሮጥ ብሎ ቀድሞ የዓመት ፈቃድ ወሰደ። ከሯጮቹ ኋላ የሚከተለውን አውቶቡስ ሌላ ሰው ነዳው፤ ዘጠኝ ሯጭ ጫነ።