ቢጫው በርሜልና የጋሽ ቆርኪ ደጆች

በላይኛው ሰፈር ጋሽ ቆርኪን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ መሆን አለበት። ስሙን ያወጡለት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ አዳዲስ የፕላስቲክ ሳህንና ጆግ ታቅፎ «ልዋጭ!» እያለ በየደጁ ዞሯል። አሮጌ ጠርሙስ፣ የዛገ ጣሳ፣ የጋዜጣ ክምር ይቀበልና በአዲስ ዕቃ ይለውጣል። ጠርሙስ በሰጡት ቁጥር «ቆርኪውስ?» ይላል። የለም ካሉት «ባርኔጣውን የጣለ ሽማግሌ ሰጣችሁኝ» ብሎ ያስቃቸዋል። የማን ልጅ ታጨች፣ የማን ጣሪያ ያፈሳል፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ሁሉንም ያውቃል። ከጆንያው ቀድሞ የሚሞላው ጆሮው ነበር።

አምና ማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ በየዓይነቱ ይለይ አለ። ለየቤቱ ሁለት ሁለት በርሜል ታደለ፤ አረንጓዴው ለሚበሰብሰው፣ ቢጫው ለጠርሙስ፣ ለጣሳና ለወረቀት። በየደጁ እየዞሩ መልቀም ቀረ። ጋሽ ቆርኪም እንጀራው እንዳይቋረጥ ተብሎ ቆሻሻ መለያው መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። ጓንት ተሰጠው፣ ቦቲ ጫማ ተሰጠው። ሚስቱ ደስ አላት።

«ጉልበትህ አረፈ፤ በሰዓቱ ትገባለህ። ምን ቀረህ?»

«ሰው ቀረኝ» አላት።

ይህን ለእኔ ለሥራ ባልደረባው የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ በምሳ ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠን። «ጠርሙሱማ ይመጣል» አለኝ። «ቆሻሻውን ተሸክሞ በሚሄደው የጎማ ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ በፊቴ ያልፋል። ከማን ቤት እንደመጣ ግን አይነግረኝ። ድሮ የመድኃኒት ጠርሙስ ሲበዛብኝ ‹ደኅና አይደላችሁም እንዴ፣ ማን ታመመ?› እል ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ፣ ጎማውን?»

በስድስተኛው ወር የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ ወረቀት ይዛ ወደ እሱ መጣች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያስረዱኝ። የሁሉም ሰፈር ቢጫ በርሜል ይሞላል፤ የላይኛው ሰፈር ብቻ ባዶውን ነው። እዚያ ያለው ሰው አይበላም አይጠጣም?»

«ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። እኔን እየጠበቁ ነው እንጂ።»

«እርስዎን?»

«አጥበው ያደረቁትን ጠርሙስ በርሜል ውስጥ መወርወር ነውር ይመስላቸዋል። የለመዱት ከእጅ ወደ እጅ ነው። በየመስኮቱ ሥር ደርድረውልኛል ማለት ነው።»

«በርሜሉንስ ምን አደረጉት?»

«ውሃ ያጠራቅሙበታል። ክዳኑ አንደኛ ነው አሉ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ነገሩን ነገረችው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ በርሜሎቹ ካልሞሉ መኪናው ያንን ሰፈር ይተወዋል። «ቆሻሻው እንደ ድሮው ወንዝ ዳር ሊደፋ ነው። ሄደው ይንገሩልኝ፤ እርስዎን ይሰማሉ።»

ጋሽ ቆርኪ ልቡ ለሁለት ተከፈለ። «ቆዩኝ፣ እመለሳለሁ» ቢላቸው በርሜሉ ባዶ ይቀራል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ቸግሮት ደጆቹን ይመልስለት ይሆናል። በሌላ በኩል የሚስቱ እህት የምትኖረው ከወንዙ ታችኛው በኩል ነው። ልብሷን የምታጥበው በዚያው ውሃ ነው።

ቅዳሜ ሄደ። ጆንያም ሳህንም አልያዘም፤ ቢሆንም ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ አዩት።

«ምነው ጠፋህ ጋሽ ቆርኪ፣ ሌላ አገባህ እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ ሚስቴ እንዳትሰማ።»

ተሰበሰቡ። አንዷ ገና ሳይጠይቃት ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። እሱም እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ተናገረ። «ከእንግዲህ እኔን አትጠብቁ። ውሃውን ድፉና በርሜሉን ለሥራው ልቀቁት። ቢጫው እኔ ነኝ በሉ።»

«በርሜል ወሬ ያወራል?»

«ያዳምጣል። ሰምቶ ለጎረቤት ስለማይናገር ከእኔ ይሻላል።»

ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። እንዲህ እያለ በር በበር ዞረ። አንዱ በር በተዘጋ ቁጥር በገዛ እጁ የዘጋው እየመሰለው ወደሚቀጥለው ያልፋል።

በመጨረሻው ቤት የሚኖሩት አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ድምፁን ሲሰሙ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። ከበሩ ጀርባ ጠርሙሶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል።

«አንተ ነህ? ሰዎቹ በርሜል፣ በርሜል ይላሉ። እኔ ግን ይመጣል ብዬ አስቀመጥኩልህ።»

አፉን ከፈተ። መንገዱን ሙሉ ሲለው የዋለው ቃል አልወጣለትም።

«ደግ አደረጉ፣ እትዬ» አላቸው። «እሑድ እሑድ እመጣለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኃላፊዋ በደስታ ወረቀቷን እያውለበለበች መጣች። ከአንድ ቤት በቀር ሁሉም ሞልቷል፤ መኪናውም ይቀጥላል። «ይህችን አንዲት ቤት ምን እናድርጋት?» አለችው።

«እሷን ለእኔ ተይልኝ፣ ልጄ።»

አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይሄዳል። ያወራሉ፤ ጠርሙሱን ተቀብሎ፣ ድምፁ እንዳይሰማቸው ከመታጠፊያው ማዶ ያለው ቢጫ በርሜል ውስጥ ራሱ ይከተዋል። «እና ደስ አለህ?» አልኩት።

ጓንቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ሌሎቹ በሮች ዝግ ናቸው» አለኝ። «ማን ይክፈትልኝ፣ ‹ልዋጭ!› ብዬ አልጠራሁ። ምን ብዬስ ልጥራ?»

ከልብስ ሰፊዋ ቤት እስከ ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እሱ ግን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው የሚገባው። ሚስቱ የት ቆየህ ስትለው «በላይ፣ በድሮ ደጆቼ በኩል ዞሬ ነው የመጣሁት» ይላታል፤ እሷም ከዚያ አልፋ አትጠይቀውም።