ተርቢትና ባትሪ ጠጋኙ አባቷ

ሰውየው ባትሪ ጠጋኝ ነው። ሞቶ የተጣለ የመኪና ባትሪ ሲያመጡለት ከፍቶ፣ ሆድ ዕቃውን ዘርግፎ፣ እርሳሱን አቅልጦ ነፍስ ይዘራበታል። እርሳስ ስላችሁ የተማሪ መጻፊያ እንዳይመስላችሁ፤ ያንን ግራጫውን፣ እሳት ሲያየው እንደ ቅቤ የሚቀልጠውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። ደንበኞቹ «አንተ እኮ ሬሳ ታስነሳለህ!» ሲሉት በሳቅ ይፈርሳል። የገዛ ልጁን ምን እንደነካት ግን ማወቅ አቅቶታል።

ልጅቷ አንደኛ ክፍል ናት። በሕፃንነቷ አፏ የሚጣፍጥ፣ ላገኘችው ሁሉ የምትስቅ ልጅ ነበረች። ኋላ ምን እንደገባባት እንጃ፣ መናከስ ጀመረች። ዕቃ ትወረውራለች፤ «ሆዴን!» ብላ ትጮኻለች፤ ትናንት የቆጠረችው ፊደል ዛሬ ይጠፋባታል። ሰፈሩ እንደ ተርብ ናት ብሎ «ተርቢት» አላት። መጀመሪያ ለጨዋታ ነበር፣ ውሎ አድሮ ግን ልጆች «ተርቢት መጣች!» እያሉ የሚበተኑበት ስም ሆነ። አባቷ ያንን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ይቃጠላል።

አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋን ከደረጃ ላይ ገፈተረቻት። ርዕሰ መምህሩ አባትና እናትን አስጠርቶ፣ «ልጃችሁ ካመማት አሳክሟት፤ ካላመማት ቅጧት። አንድ ነገር ከደገመች ግን እኛ ጋ ቦታ የላትም» አላቸው። እናት ስታለቅስ አባት ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም።

ያልሄዱበት የለም። አንዱ ሐኪም «የሆድ ትል ነው» ብሎ ሽሮፕ ሰጣቸው። ሌላው «ቀልቧ አይሰበሰብም» ብሎ ክኒን አዘዘላት፤ ክኒኑ አፍዝዞ አስተኛት እንጂ ስትነቃ ያችው ተርቢት ናት። የእናትየው እህት ደግሞ፣ ወላድ አትመስልም፣ «ይቺ ምንም አላመማት! አባቷ ነው ያሞላቀቃት፤ ለኔ ስጡኝና በሳምንት ቀጥ ላድርጋት!» አለች። ምክር መቼም ከአፍ አያልቅም።

እናት ግን አንድ ነገር አየች። «እንዳንተ የሚያበርዳት ሰው የለም» አለችው ባሏን። «ከትምህርት ቤት ስትወጣ ለምን እሱቅህ አታውላትም?»

እውነቷን ነው፤ ሱቁ ውስጥ ልጅቷ ሌላ ሰው ትሆናለች። አባት ከተረፈው እርሳስ ላይ ቀንሶ ዶሮ፣ በግ፣ ትንሽ አልጋ አቅልጦ ይሠራላታል። ወለሉ ላይ ደርድራ እያወራቻቸው ትውላለች፤ ስትናደድ ዶሮዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትመጠምጥና ጸጥ ትላለች። ሳትነክስ ለዋለችበት ቀን አዲስ ትሸለማለች። «ከዚያ ሁሉ ሐኪም የኔ መድኃኒት በለጠ!» እያለ ለደንበኛው ያወራል። ወይ አለማወቅ!

ማታ ማታ ቤት ስትገባ ግን ይብስባታል። እሱም ከሱቅ ስለራቀች መስሎት ቅዳሜንም እሑድንም ጨመረላት። ፊቷ አመድ መሰለ። ምግብ አስጠላት። እናት «ልጄ እየከሳችብኝ ነው፣ ሆዴን ፈራ ፈራ ይለዋል» ስትለው፣ «ቁመት እየጣለች ነው፣ አታሟርቺ» ብሎ አፏን አስያዛት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከበጎቿ መሐል ደርቃ ወደቀች። ዓይኗ ነጩ ብቻ ቀረ፤ እጅ እግሯ ይንዘፈዘፋል። አባት እንደ ጉድ እየጮኸ፣ በሥራ ልብሱ እንዳለ ደረቱ ላይ ለጥፎ ትልቁ ሆስፒታል አደረሳት።

ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። ልጅቷ ስትረጋጋ ድዷን ገልጣ ጥርሷ ሥር የተሰመረውን ሰማያዊ መስመር አየች፤ ከዚያ ወደ አባት ዞረች።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

ለወግ የጠየቀችው መሰለው። «ባትሪ ጠጋኝ ነኝ።»

«ልጅቷ እዚያ ትመጣለች?»

«እዚያ አይደል እንዴ የምትውለው! ነፍሷ የሚያርፈው እኔ ጋ ስትሆን ነው። መጫወቻዋን ሳይቀር እኔው ነኝ የምሠራላት።» ከልጅቷ ኪስ ዶሮዋን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ላይዋ በጥርስ ተበልቷል። ሐኪሟ አልነካቻትም፤ ደም እንዲቀዳ አዘዘች።

ውጤቱ ሲመጣ ባልና ሚስትን አስቀመጠቻቸው። «ልጃችሁ ባለጌም ቀበጥም አይደለችም። ተመርዛለች። እርሳሱ ነው፤ በአፏም፣ በአቧራውም፣ እርስዎ ሲያቅፏት ከልብሱም ገብቷል። ከደሟ እናወጣዋለን። አእምሮዋን የነካውን ግን መመለስ እንችል እንደሆነ ዛሬ አልነግራችሁም። ሁለተኛ እዚያ ሱቅ እግሯ እንዳይደርስ።»

እናት ባሏን ቀና ብላ አላየችውም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። «በገዛ እጄ» አለ፣ «በገዛ እጄ አጎረስኳት።»

ልጅቷ ታክማ ቤት ስትገባ እሱ ሙያውን ሊተው ቆርጦ ነበር። የሱቁን በር ከውስጥ ቀርቅሮ ማቅለጫውን ሲነቅል፣ የዓመታት አቧራ ሲጠርግ ዋለ። እጁ እስከ ክርኑ ግራጫ ሆኗል። በሩ ተንኳኳ።

«አባዬ! ክፈትልኝ!» ከእናቷ አምልጣ መጥታለች።

«ሂጂ ወደ ቤት! እመጣለሁ!»

«አልናከስም! ሁለተኛ አልናከስም፣ ክፈትልኝ!»

ያ አንጀት ምን ይቻለው? ሰው ሁሉ ሲያባርራት እሱ ብቻ ነበር በር የሚከፍትላት፤ አሁን ግን ትከሻውን አስደግፎ ከውስጥ ያዘባት። «ሂጂ አልኩሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ጮኾባት አያውቅም ነበር። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው፣ ደበደበችው፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለች።

«ልጄ?» አለ። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። «ልጄ?»

እንደዚያ ቀን የወደቀች መሰለው። መታጠብም ልብስ መለወጥም ረስቶ በሩን በረገደው። አልወደቀችም። ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ የበሩ አቧራ ግራጫ ያደረጋቸውን ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከትታ፣ ጸጥ ብላ ትመጠምጣለች።