ማልቲካሊ የተኛችበት አሸዋ

በኔፓል አቆጣጠር 2079 ዓመት፣ ማግ 19 ቀን። ላውታን ማሃቶ በረንዳው ላይ ሲሠራው የነበረው የገመድ አልጋ እስከ ወገቡ ብቻ ተጠልፎ ቀረ። ራስጌው ተወጥሮ አልቋል፤ ግርጌው ክፍት ነው፤ የገመዱም ጫፍ ሳይቋጠር ተንጠልጥሏል። በማግስቱ ማለዳ ሚስቱ ሱግኒ ሻይ ይዛ ስትቀሰቅሰው አልነቃም። ልብ ነው ተባለ። ስልሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ለቅሶው ላይ «ላውታን ከዝሆን ጋር ይነጋገር ነበር» ያሉ አሉ። አይነጋገርም ነበር። እንደ አባቱ ዝሆን ነጂ ነበር፤ ሲናደድ ይጮኻል፤ የወንዝ ቀንድ አውጣ በቃሪያ ተሠርቶለት ሲመጠው ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ስለ እሱ የሚነገር ነገር ካለ እውነቱ ይነገር፤ እሱም ቢሆን ማጋነን አይወድም ነበር።

ከዕድሜው አብዛኛውን ያሳለፈው ከአንዲት ዝሆን ጋር ነው፤ ማልቲካሊ ትባላለች። መጀመሪያ ሁለቱም የሚሠሩት ለአንድ የእንግዶች ማረፊያ ነበር። ጀርባዋ ላይ ሳጥን የመሰለ የእንጨት ወንበር ይታሰርና በየማዕዘኑ አንድ አንድ ሰው ይቀመጥበታል። በሙቀቱ ወር ሳይቀር ጠዋትም፣ ረፋድም፣ ማታም ትወጣለች። በመሀል ሲሚንቶ ላይ ሁለት የፊት እግሯን ታስራ ትቆማለች፤ ቆማም ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ ትወዛወዛለች። እንግዶቹ ትደንሳለች ብለው ያጨበጭቡላታል። ላውታንም እንዲህ በል የተባለውን ይላል፤ «አዎ፣ ትደንሳለች።» አባቱ ግን በሕይወት ሳለ አይቷት ነበር። «ይቺ ልጅ እግሯ ታስሮባት መንገዱን በሰውነቷ እየሄደችው ነው» ብሎት ነበር።

ማረፊያው ሲዘጋ ማልቲካሊ ራፕቲ ወንዝ ዳር ወዳለው የጫካ ጥበቃ ጋጣ ተዛወረች፤ ላውታንም ተከተላት። እዚህ ሥራው ሌላ ነው። ጀርባዋ ላይ የሚጫነው በሣር የታጨቀ ፍራሽና አንድ ጠባቂ ብቻ ነው። ረፋዱን ጫካ ገብታ ትግጣለች፣ ወንዝ ትወርዳለች፣ ከሌሎች ዝሆኖች ጋር ኩምቢዋን ታነካካለች። መወዛወዟ ቀነሰ። ማታ ማታ ግን እዚህም የፊት እግሯ ከካስማ ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ኒርማላ ካስማዎቹን ጨምሮ ሰፊ ግቢ በኤሌክትሪክ ሽቦ አሳጠረች። ዝሆኖቹ ያለ ሰንሰለት ያድሩበታል፤ የመጀመሪያዋም ማልቲካሊ ትሆናለች ተባለ። ላውታን ማታ ለሱግኒ «ሳትታሰር የምትተኛበትን ቀን ካየሁ ይበቃኛል» አላት።

የመጀመሪያው ምሽት ደረሰ። ሰው ሁሉ ከሽቦው ውጭ ተሰብስቦ ያያል። ማልቲካሊ ግቢውን አንዴ ቃኘችና ቀጥ ብላ ወደ ድሮው ካስማዋ ሄደች። ከጎኑ ቆመች። ቀኝ የፊት እግሯን አንሥታ አየር ላይ ያዘችው።

ጃግሩ የጎረቤቷ ዝሆን ነጂ ነው፤ ቀልድ አያሳልፍም። «ላውታን ዳይ» አለ፣ ታላቁን በአገሩ ልማድ እየጠራ፣ «ሙሽራዋ አምባር እስኪያጠልቁላት እጇን ዘርግታ ቆማለች እኮ። ምነው ጨከንክባት?»

«አፍህን ሰብስብና የራስህን ዝሆን እይ።»

ላውታን በማግሥቱ ጠዋት ሄዶ ሁለቱንም ጎኗን በእጁ ዳሰሰ። አፈርም ጭቃም የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራለች። በሁለተኛውም ምሽት ካስማው ጋ ሄዳ እግሯን አነሣች። በሦስተኛው ከእግሯ ጋር ያ መወዛወዝ ተመለሰ።

የጋጣው ኃላፊ ካርኪ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነው። «እስከ ቅዳሜ አያታለሁ» አለ። «አሮጊት ዝሆን ስትቆም አድራ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠየቀው ማነው? ለምዳዋለች፣ ሰንሰለቷን መልሱላት። የሌሎቹም ነገር እዚያው ያበቃል።»

ዶክተር ኒርማላ ጊዜ ስጧት ትላለች። ጭንቀቷ እንዲለካ በየጠዋቱ ትኩስ ፋንድያዋን በትንሽ ዕቃ እየያዘች ወደ ከተማ ትልካለች።

«እሷ ቆንጥራ ትወስዳለች፣ እኛ ቁልሉን እንጠርጋለን» ይላል ጃግሩ። ያን ሰሞን ላውታን አልሳቀለትም። ፈርታ ነው ብሎ አሰበና አጠገቧ ዋለ፤ ጆሮዋን አሻሸላት፤ እንደ ልጅ አባበላት። እግሯን ግን አላወረደችም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሱግኒ ምሳ ይዛለት መጣች። ጋጣው ውስጥ ለዝሆኖች ኩቺ ከሚጠቀልሉት አንዷ እሷ ናት፤ ያልተፈተገ ሩዝ፣ ጨውና ጥቁር ስኳር ረጅም ሣር ውስጥ ተደርጎ እንደ ወፍ ጎጆ ይታሰራል። ላውታን እህሉን ነካ አድርጎ ተወው።

«የባሳንቲ አባት» አለችው፣ በልጃቸው ስም እየጠራች፣ «ብላ እንጂ። አንተ ብትከሳ እሷ ትተኛለች?»

«ነገ ያስሯታል። በገዛ እጄ ነው የማስራት።»

ሱግኒ ዝሆኗን አሻግራ አየቻት። «ድሮ ስታስራት እግሯን ማን አንሺ ይላታል?»

«ማንም። ራሷ ታነሣለች። ያኔ ማረፊያው ቤት ሰንሰለቱ አቁስሏት አላስነካም ስትል፣ አንድ ኩቺ አስቀር ነበር። እግሯን ስትሰጠኝ እሰጣታለሁ። ከዚያ ወዲህ ለምዳ...»

«አሁንስ? ያችን አንዷን ማታ ትሰጣታለህ?»

ላውታን ሰንሰለቱ ከቀረ ምን ያደርጋል ብሎ ኩቺውን ሁሉ በቀን አንድ ላይ ነበር የሚሰጣት።

«አይ ያንተ ነገር» አለች ሱግኒ። «አንተም እኮ እራትህ ሳይቀርብልህ ከምድጃው ሥር ንቅንቅ አትልም። እሷም ሰንሰለቱን አይደለም የምትጠብቀው፣ ራቷን ነው።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ላውታን አንድ ኩቺ ይዞ ከካስማው ራቅ ብሎ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ለመኝታ የወንዝ አሸዋ የተከመረበት ቦታ ቆመና ጠራት። ማልቲካሊ እግሯን እንዳነሣች ብዙ ቆየች። ከዚያ አወረደችው። መጣች፤ ፊቱም ስትደርስ እንደገና አነሣችው። እግሯን ሳይነካ ኩቺውን ሰጣት። ሣሩን ፈትታ ጣለች፣ ሩዙን በላች፣ ኩምቢዋን ክንዱ ላይ አሳረፈች። እሱም ወጥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ጃግሩ ሽቦው ጋ ደርሶ ነበር። «ላውታን ዳይ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ና እስኪ። ሴትዮዋ ገና አልተነሣችም።»

አሸዋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሆዷ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ላውታን መሬት ላይ ቁጢጥ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ካርኪም መጥቶ አያት። «በሉ ሰንሰለቱን ዕቃ ቤት አስገቡት» ብሎ ተመለሰ፤ እሱም ቀልሎት ነበር፣ እየሄደ ያፏጭ ነበርና። ሰኞ ካስማውን ከመሬት ነቅላ ያወጣችው ራሷ ማልቲካሊ ናት፤ ላውታን አንገቷ ላይ ተቀምጦ።

ከዚያ ወዲያ ጨርሶ አልተወዛወዘችም ማለት ውሸት ይሆናል። በዓል ሲሆንና ርችት ሲበዛ ትንሽ ይጀምራታል። ግን አሸዋው ላይ ትተኛለች፤ ሌሎቹም ዝሆኖች ግቢው ውስጥ ገብተዋል። ላውታን በየማለዳው የሚያየው ጎኗን ነበር። አሸዋ ለብሶ ካገኘው ለሱግኒ «ተኝታለች» ይላታል፤ ምላሿም ሁልጊዜ ያው ነው፤ «አንተስ መቼ ትተኛለህ?»

በማግ ወር ብርድና ጤዛ አሸዋውን አራሰው፤ ማልቲካሊም ከእርጥቡ ወደ ዳር ዳሩ ትሸሽ ጀመር። በ19ኛው ቀን፣ ሊሞት አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ላውታን ከጎረቤቱ ከፉልማን የበሬ ጋሪ ተውሶ ከወንዙ ማዶ ደረቅ አሸዋ ሲያመላልስ ዋለ።

ጋሪውን ሲመልስ ፉልማን በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። «ለዝሆን ፍራሽ ታነጥፋለህ አሉ። ለእኔ ወገብ ማን ያንጥፍልኝ?»

«አንተም አራት ሰው ተሸከምና አነጥፍልሃለሁ።»

ፉልማን ሳቀ። ላውታን የጋሪውን ወለል ጠረገ፤ በሬዎቹን ፈትቶ አጠጣቸው፤ ቀንበሩን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስደግፎ የበረቱን በር ዘጋ። ከዚያም የጀመረውን የገመድ አልጋ ሊጠልፍ ወደ ቤቱ ሄደ።