ከቆርቆሮው ሥር የቀረው ሣር

በአዳማ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የሚሰቀለውን ማስታወቂያ ለነጋዴዎች የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ከአንድ ቄስ ግማሹን ፊደል ቆጥሬ የቀረውን ለብቻዬ፣ ከሣጥን ላይ ጽሑፍና ካረጀ ዳዊት የለቀምኩ ነኝ። ስለዚህ ሳነብ አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም። በዚህም እኮራ ነበር።

የዚያን ዓመት ሰኔ የተሰቀለው ስለ ሱቆች ነበር። ባቡሩ የሚሄደው እንጨት እያነደደ ስለሆነ ከጭስ መውጫው ፍንጣሪ ይበተናል፤ የአዳማ ነፋስ ደግሞ የተቀበለውን አይጥልም። ባለፈው በጋ ሁለት የሣር ቤቶች ተቃጥለዋል። አሁን የከተማው ሹም በሐዲዱ መንገድ ላይ የሚነገድበት ቤት ሁሉ ክዳኑ ቆርቆሮ እንዲሆን፣ በጓሮ ሁለተኛ በር እንዲኖረው፣ በሱቅና በሱቅ መካከልም አምስት ክንድ እንዲተው አዘዙ። እስከ መስቀል ያላሟላ ሱቁ ይፈርሳል።

ከሁሉ የጨነቃቸው የቅቤ ነጋዴዋ ነበሩ። ከአርሲ የሚመጣ ቅቤ በእንስራ እየደረደሩ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ እንደ አገሬው አዴ እላቸዋለሁ። ባላቸው እግራቸው ከሰለለ ዓመታት አልፈዋል፤ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ይተኛሉ። ሱቁ ከፈረሰ ሌላ ቤት የላቸውም።

«ቆርቆሮውስ እሺ» አሉኝ አዴ። «ግን በዚህ ፀሐይ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ቅቤ እስከ እኩለ ቀን ወጥ ይሆናል። ሣሩን ሳላነሣ ከላዩ ባለብሰው ምን ይላል ወረቀቱ?»

«‹ክዳኑ ቆርቆሮ ይሁን› ነው የሚለው።»

«ሣር ይነሣ ይላል?»

«አይልም።»

«እንደገና አንብበው እስቲ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሦስቱንም ጊዜ አይልም። ትእዛዙ ለምን እንደወጣ አውቅ ነበር፤ የተጠየቅኩት ግን ምን እንደሚል ነውና ያንኑ መለስኩ።

አናጢው ቆርቆሮውን በሣሩ ላይ መታው። የጓሮው በርም ተከፈተ። በነሐሴ ዝናብ ጎረቤቶቹ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ በጣት ሲነጋገሩ፣ የአዴ ባል ከአልጋቸው ሆነው ይስቁ ነበር። «እኔን ዝናብም ፈራኝ፤ ድምፁን ቀንሶ ነው የሚያልፈው።»

በመስቀል ማግስት ሹሙ መለኪያ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። አምስቱን ክንድ ለኩ። የጓሮውን በር ከፍተው ዘጉ። ክዳኑን ከመንገድ ላይ ቀና ብለው አዩት።

«አዴ፣ ቤትዎ እንደ ሙሽራ ያበራል።»

«ሙሽራው ግን አይቆምም፣ ጌታዬ» አሉ አዴ፤ ሁላችንም ሳቅን። ሹሙ አለፉ። እኔም ልክ እንዳነበብኩ ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።

እሳቱ የተነሣው በታኅሣሥ፣ ባቡሩ በቀትር ከጣቢያው እንደወጣ ነው። ፍንጣሪዋ በቆርቆሮው ጠርዝ፣ ሣሩ ጥቂት ብቅ ባለበት ገባች። መጀመሪያ ያየነው ከምስማሮቹ ቀዳዳ የሚወጣ ቀጭን ጭስ ነው። የሣር ቤት ሲቃጠል ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ ባለ ሜንጦ እንጨት ይዘን ክዳኑን እየጎተትን መሬት ላይ እንረግጠዋለን። አሁን ሜንጦው ቆርቆሮው ላይ ተንሸራተተ። ውሃ ደፋን፤ ውሃው ሽሽ ብሎ በቦዮቹ ወርዶ እግራችን ሥር ፈሰሰ። እሳቱ ከሥሩ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልደረሰችውም።

አዴ ወደ ጓሮ ዞሩ። በሩ ተከፍቷል፤ አልጋው ግን ከበሩ ማዶ፣ ከሚወርደው ሣር ሥር ነበር። እንስራዎቹ ተሰነጠቁና ቅቤው እየነደደ በደጁ ፈሰሰ። ሁለት ሰዎች አዴን ይዘው ወደኋላ ጎተቷቸው። ባላቸውን ያወጣናቸው ክዳኑ ከወደቀ በኋላ ነው።

በሣምንቱ ሹሙ አስጠሩኝ። ጽሕፈትህ ይነበባል አሉና በማስታወቂያው ግርጌ አንድ መስመር አስጨመሩኝ፤ «ከቆርቆሮው ሥር ሣር አይኑር።» ጻፍኩት። ፊደሉን አሳምሬ፣ መስመሩን አቅንቼ።

ስሰቅለው አዴ ነጠላቸውን ወደ ታች አዘቅዝቀው ለብሰው ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ነበር።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«እንደገና አንብበው።»

እንደገና አነበብኩ። ሦስተኛ አልጠየቁኝም። በፊት ሱቃቸው ወደነበረበት፣ አራት የተቃጠሉ ቋሚዎች ብቻ ወደቀሩበት ሄዱ። እኔ ከማስታወቂያው ሥር ቆሜ ሌሎቹ ነጋዴዎች እስኪጠይቁኝ ጠበቅኩ። ማንም አልጠየቀኝም።