ያዛጋሁት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ የቆምኩት ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ከመውጣቴ በፊት አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ "እህት ዘነበች፣ አጠር አድርጊው። የክኒኑን ነገር ደግሞ ባታነሺው፤ ለደካሞች መሰናክል ይሆናል" አሉኝ። እሺ ብያቸው ነበር። ማይኩን ስይዝ ግን እሺታዬ ጠፋ፤ ይቅር ይበሉኝ። ክኒኑን ካላነሳሁ የምመሰክረው የለኝም። ጌታ ይባረክ!

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ያደግሁት እዚሁ አቃቂ፣ ሐዲዱ ዳር ነው። ባቡር ሲጮህ እኛ ቤት ሰው ወሬውን ያቋርጣል፣ እስኪያልፍ ይጠብቃል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ክር ፋብሪካ ስገባ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እዚህ መጣሁ፣ ጌታን አገኘሁ። ሃሌ ሉያ! እናቴ ግን "ማተቧን የበጠሰች ልጅ የለችኝም" አለች። ገበያ ስንገናኝ ፊቷን ታዞር ነበር። ግድ የለም፣ በጌታ ቤት ብዙ እናት አለኝ አልኩ። አምኜበት ነው ያልኩት።

ከዚያ ያ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ሐዲዱን ልሻገር ስል ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ድምፅ ነው። የዚያን ቀን ግን ልቤ ደለቀ፣ እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ። ሞትኩ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ባቡር ባይጮህም ይመጣ ጀመር፤ ማሽኑ ፊት ቆሜ፣ ታክሲ ውስጥ፣ እዚሁ መዘምራኑ መካከል። ሰው መሆኔ እየቀረ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ልቤን አዳመጠ፣ ደሜን አስመረመረ፣ "ልብሽ ደህና ነው፤ ይሄ የጭንቀት ሕመም ነው፣ ይታከማል" አለኝና ክኒን አዘዘልኝ። "ስሚኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መድኃኒቱ ራሱ ያስመርርሻል። ያቅለሸልሽሻል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ያዛጋሻል። ስትለምጂው ይቀላል። እኔን ሳትጠይቂ እንዳታቆሚ።" ያዛጋሻል ሲል ሳቅሁ። ማዛጋት ደግሞ ምን ችግር አለው አልኩ።

ጉዴን ስሙ ወገኖቼ! ሽሮ ሲሸተኝ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። እንቅልፍ በዐይኔ አልዞር አለ። ማዛጋቱ ደግሞ መንጋጋዬን እስኪያመኝ ድረስ ነው። እየበላሁ አዛጋለሁ፣ እየሠራሁ አዛጋለሁ፣ እየዘመርኩ አዛጋለሁ። በዚህ አዳራሽ ደግሞ በጸሎት መካከል የሚያዛጋ ሰው ክፉ መንፈስ አለበት እንደሚባል ታውቃላችሁ።

እህት አስካለ፣ የነፃ ማውጣቱን አገልግሎት የምትመራው እህታችን፣ እየጸለየች ሳለ አዛጋሁ። ዐይኗን ገለጠች። ደገምኩት። "ይኸው! እየለቀቀ ነው!" ብላ ጮኸች። ከበባችሁኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ እሱም ምልክት ሆነ።

"ማነህ? ተናገር!" አለች።

በወንድ አንቀጽ ስትጠይቀኝ እንኳ አልገባኝም። "ዘነበች ነኝ" አልኩ።

"በስሟ አትደበቅ! ከየት መጣህ?"

"ከጤና ጣቢያ።"

"ማን ላከህ?"

"ኧረ ሐኪሙ ነው ያዘዘልኝ!"

"ሰማችሁ? የላከኝ ሐኪም ነው ይላል!"

አሁን ስትስቁ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ትከሻዬን ይዛችሁ ስትንጡኝ አለቀስኩ፤ ልቅሶዬም የእሱ ሆነ። ዝዬ ወለሉ ላይ ስወድቅ "ወጣ!" ተባለ። ቀጥሎ "ነፃ ከወጣሽ ክኒኑ ምን ያደርግልሻል?" አላችሁኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ እናንተው ፊት ሽንት ቤት ጨመርኩት። አጨበጨባችሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላያችሁም፣ ማንም ቤቴ አልመጣማ። ጭንቅላቴን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ይነዝረኝ ጀመር። ያ ፍርሃት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። መጥቼ ስናገር "እምነትሽ ጎድሎ ነው፣ በር ከፍተሽለት ነው" ተባልኩ። ከመዘምራን ተቀነስኩ። በምሬት ነው የምናገረው፤ ምሬቱ ዛሬም ከሆዴ አልወጣም። ጌታ ራሱ ያውቀዋል፣ ከእሱ ምን እደብቃለሁ?

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሐዲዱ መሃል ያ ፍርሃት ያዘኝና ቁጭ አልኩ። መነሳት አቃተኝ። ባቡሩ ከቃሊቲ በኩል እየመጣ ይጮሃል። እናቴ ቤቷ ውስጥ ከጎረቤት ጋር እያወራች ነበር። እንደ ልማዷ ወሬዋን አቋርጣ እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ጩኸቱ አላቆም ሲላት ወጣች። ያቺ "ልጅ የለችኝም" ያለች እናቴ በነጠላዬ ጎትታ ከሐዲዱ ላይ አወጣችኝ። ጌታ ስሙ ይባረክ! በእሷ እጅ ነው ያወጣኝ።

ቤቷ አስገብታኝ ሁሉንም ነገርኳት። "መድኃኒት ጣልሽ?" አለች። "እኔ ጸበሌንም እጠጣለሁ፣ የደም ግፊቴንም ክኒን እውጣለሁ። እግዜር በዚህ ተቀይሞኝ ያውቃል?"

ሐኪሙ ጋ ይዛኝ ሄደች። ተቆጣኝ፤ ከዚያ በግማሽ ክኒን እንደ አዲስ አስጀመረኝ። ማቅለሽለሹም፣ መንቀጥቀጡም፣ ማዛጋቱም እንደ አዲስ ተጀመረ። ያ ጊዜ መራራ ነበር፤ ተአምር ነው ብዬ አላሳምርላችሁም። እናቴ የአጃ አጥሚት እያጠጣች፣ ክኒኑን በእጄ እያስያዘች ከረመች። ሳዛጋ "አዛጊ ልጄ፣ መድኃኒቱ ነው" ትልና፣ ተጋብቶባት እሷም ታዛጋለች። "እንግዲህ እኔንም ክበቡኝ!" ትላለች።

ቀስ በቀስ ማቅለሽለሹ ተወኝ። እንቅልፌ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ምስር እየለቀምን ስናወራ ባቡሩ ጮኸ። ወሬያችንን አቋረጥን። አለፈ። "እና ምን አለችሽ?" አለችኝ፣ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ነገሩ የገባኝ ወሬዬን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ባቡሩ አልፏል፣ እኔም አልሞትኩም። ሃሌ ሉያ! የተፈወስኩት ያኔ ነው፣ ምስር እየለቀምኩ።

ክኒኑን ዛሬም እወስዳለሁ፤ የምታቆሚበትን እኔ እነግርሻለሁ ብሎኛል ሐኪሙ። እናቴ አሁን ደጅ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። አዳራሽ አልገባም ትላለች፣ ብቻዬንም አትልከኝም። "ጴንጤዋ ልጄ" ትለኛለች።

ወገኖቼ፣ በጌታ ታመኑ፤ እኔን አልጣለኝም፣ እናንተንም አይጥላችሁም። እናንተ ጥላችሁኝ ነበር፤ እሱ ግን አልጣለኝም። የታመመ ሰው ስታገኙ "ማነህ?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ሆንሽ?" በሉ። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሲያዛጋ እያየሁ ነው፤ አይዟችሁ፣ አዛጉ፣ ማንም አይነካችሁም።

የክኒኔ ሰዓት ደርሷል። እህት አስካለ፣ እባክሽ ያንን ውሃ አቀብዪኝ።