የሲት ሻምፓኝ

በእኛ አቆጣጠር አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ላይ ነው፤ እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ። ያኔም ካርቱም ነበርኩ፣ ዛሬም ካርቱም ነኝ። ትናንት በስልክ፣ «አባባ፣ ከሰርጌ የተረፈች ሻምፓኝ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘሁ። ሳትከፈት አረጀች። ትጠጣለች ወይስ ትደፋ?» ስትለኝ ዝም ያልኩህ መስመሩ ተቆርጦ አይደለም። ዓይኔ ምስማሩ ላይ ሄዶብኝ ነው።

ምስማሩን ታውቀዋለህ፤ ከበሩ አጠገብ ያለው፣ እናትህ ቁልፍ ትሰቅልበት የነበረው። ቁልፉ የሚንጠለጠልባት የዛገች የሽቦ ቆብ አለች አይደል? የሻምፓኝ ቡሽ አፍና የምትይዘው ሽቦ ናት። በቅርቡ ጦርነት ዘራፊዎች ይህን የካላክላ ሰፈር ቤት ሲያራቁቱት የመብራቱን ገመድ ሳይቀር ከግድግዳ መዘው ሲወስዱ እሷን ትተዋት ሄዱ። ምን ያደርጉባታል።

እኔ በዕድሜዬ ሻምፓኝ የጠጣሁት አንዴ ነው። እሱም አሮጌ ነበር። ስለዚህ ከማንም ይልቅ እኔን ስማ።

ያን ጊዜ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ኻዋጃ፣ ፈረንጅ ማለት ነው፣ ቤት አትክልተኛ ነበርኩ። ሁላችንም «ሲት» ነው የምንላት፤ እመቤት ማለት ነው በዐረብኛው። ግቢዋ ሎሚ የሞላበት ነበር። አስር ሰዓት ላይ ውኃ ሳጠጣ የጋለው አፈር እፍ ይልና የሎሚው ሽታ ከአፈሩ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዲት የወሎ ሴት ነበረች፤ ምግብ ሠሪ፤ እንደ እህቴ የማያት። ሶላቷን የማታጓድል፣ ምላሷን ደግሞ የማታሳርፍ።

እናትህን ያጨኋት ጀብራ ሰፈር ነው፤ አጎቷ ቤት። እዚህ አገር ከእሱ በቀር ዘመድ አልነበራትም። አጎትዬው አገር ቤት ጠጅ ቤት የነበረው ሰው ነው። ሰርጉ ሲቃረብ አስጠራኝና፣

«ሻምፓኝ ሳይተኮስ ልጄ ከዚህ ደጅ አትወጣም» አለኝ። «አባቷ ቢኖር ይተኩስላት ነበር።»

«ጋሼ፣ መጠጥ ክልክል በሆነበት አገር ከየት ይመጣል?»

«እሱን የሚያገባት ሰው ያስብበት።»

ሌላ ቢሆን ይለማመጥ ነበር። እኔ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ግትር ከግትር ተገናኘን። ካላገኘሁ ልጅቷ ልትቀርብኝ ነው፤ ይህን አውቄ ነው እሺ ያልኩት።

ለወሎዋ እህታችን ብሶቴን ነገርኳት፤ እሷ ሳትነግረኝ ለሲት ነገረች። በነጋታው ሲት ጠርታኝ ዕቃ ቤት ወሰደችኝ። ከአሮጌ ሳጥን ሥር፣ በጎኗ የተጋደመች፣ አቧራ የለበሰች ጠርሙስ አወጣች። ወረቀቷን ምስጥ በልቶታል። ባሏ፣ ልጅ ሲወለድልን እንከፍታታለን ብሎ ያስቀመጣት ናት። ልጅ አልመጣም። በኋላም ባሏ ሄደ።

«ጥሩ ሆና ከተገኘች አንድ ጉንጭ አስቀርልኝ» አለችኝ። «ተበላሽታ ከሆነ ግን አትንገረኝ።»

ጠርሙሷን ዘንቢል ውስጥ፣ ከቲማቲምና ከጀርጂር ቅጠል ሥር ቀብረን ከወሎዋ እህታችን ጋር በአውቶቡስ ጀብራ አደረስናት። በየፍተሻው እሷ ናት ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ «ሰላም አለይኩም» የምትለው። አጎትዬው ጠርሙሷን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳ፣ አፏን አሸተተ።

«አሮጌ ናት» አለ።

«ኻዋጆች ወይን ሲያረጅ ይጣፍጣል ይላሉ» አለችው ወሎዋ።

«እሱ የማይፈላው ነው። የሚፈላ ነገር ሲያረጅ ወይ ይሞታል፣ ወይ ጠርሙሱን ይሰብራል። የመጠጥ ነገር ለጎረምሳ አይሰጥም፤ እኔ ዘንድ ትቆይ።»

ከውኃው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ ጋን ሥር፣ የሚያዣው ውኃ ጠብ ጠብ የሚልበት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበራት።

ሰርጉ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ሚዜዬን ይዤ ስደርስ አጎትዬው ዐንገረቡን፣ ያን የገመድ አልጋ፣ በሩ ላይ ጋድሞ፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦበታል። እናትህ ከኋላው፣ ጓዳ በር ላይ፣ ነጭ ለብሳ ትታየኛለች። የሻምፓኙ ድምፅ መንገድ ላይ እንዳይሰማ ሴቶቹ ከበሮውን እንዲያጠብቁት አጎትዬው አዘዘ። ጠርሙሷን ከአሸዋው አውጥቶ ሰጠኝ።

ሽቦዋን ነካ ሳደርጋት እጄ ላይ ወለቀች። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ቡሹን ገፋሁት። እንደ አዛውንት ጥርስ፣ ያለ ድምፅ፣ ወጣ።

ከበሮው ቆመ።

«ይኸው፣ አሮጌ ናት አላልኩም?» አለ አጎትዬው።

የወሎዋ እህታችን ሽቦዋን ከእጄ ወስዳ አገላበጠቻት። «ጋሼ፣ ይቺ ሽቦ እኔ ሳመጣት ጥብቅ ብላ ነበር። ማነው የፈታት?»

አጎትዬው መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ነኝ። ማታ ማታ ቡሹን ላላ እያደረግሁ ትንሽ ትንሽ አስተነፍሳት ነበር። የጠጅ ጠርሙስ በዚህ ሙቀት ካልተነፈሰ ይፈነዳል።»

«እንድትፈነዳ አይደለም እንዴ የፈለጉት?»

«በቀኗ ነዋ!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። እሱ ግን ከዐንገረቡ አልተነሳም። «ሳቁ። ቃል ቃል ነው። ድምፅ ብያለሁ፣ ድምፅ እፈልጋለሁ።» እኔ ደሜ ፈልቷል። አንድ ክፉ ቃል አፌ ላይ ደርሷል፤ ቢወጣ ኖሮ አንተም አትኖርም ነበር።

ይሄኔ ከጓዳው በር፣ ጷ! የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስንል እናትህ ሌባ ጣቷን ጉንጯ ውስጥ ከትታለች። ደገመችው። ጷ!

«ተተኮሰ፣ ጋሼ። አሁን ይነሱልኝ» አለች።

«ከጠርሙሱ ነው ያልኩት።»

«ጠርሙሱንማ እርስዎ ተኩሰው ጨረሱት።»

አጎትዬው ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ። የዐንገረቡ ገመድ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው እንደተሸነፈ ያወቅነው። ዕንባውን እየጠረገ ተነሳ፣ ዐንገረቡን ራሱ ጎትቶ በሩን ከፈተ። እልልታው ቀለጠ።

ለእንግዶቹ በሻይ ብርጭቆ ቀዳንላቸው። መልኳ ጠጅ ነው። አትፈላም፣ ምላስ አትነክስም፤ ግን ደህና ናት። የደረቀ ተምርና የተቆላ ለውዝ አንድ ላይ ያኘክህ ይመስልሃል። ወሎዋ፣ «መቅመስ አልቀምስም፤ ማሽተት ግን ማን ከለከለኝ» ብላ አፍንጫዋን ብርጭቆ ላይ አደረገች። «ወላሂ አልሞተችም» አለች። አጎትዬው «አሮጌ ናት» ይልና ይጨልጣል፣ «አሮጌ ናት» ይልና ብርጭቆውን ደግሞ ይዘረጋል። የሲትን ድርሻ ከእሱ አስጥዬ ነው ጠርሙሱን መልሼ የወተፍኩት።

እንግዲህ መልሱ ይሄ ነው፦ ክፈታትና አሽትት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለችህ ድፋት። ካላለችህ ጠጣት። ድምፅ ባይኖራትም አትዘንባት። ሕፃን ሆነህ ስታለቅስ እናትህ ጉንጯ ውስጥ እያስጮኸች የምታስቅህበት ድምፅ ትዝ ይልሃል? ከዚያ ቀን የመጣ ነው። እኔንም ሳኮርፍ በሱ ነበር የምታስታርቀኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ማኩረፍም ትቻለሁ፤ ለማን ብዬ።

በሰርጌ ማግስት ጠዋት፣ ሙሽራ ከቤት አይወጣም ሲሉኝ አልሰማሁም፤ ጠርሙሷን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሲት ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስታየኝ ምንም አልጠየቀችም፤ መምጣቴ ራሱ መልስ ነበር። ቀጭን እግር ያላት ብርጭቆ አመጣች። አንድ ጉንጭ ያህል ቀዳሁላት። አፏ ውስጥ ይዛ ሎሚዎቹን ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ዋጠች።

«ድምጿስ?» አለችኝ። «ባሌ ከሁሉ የሚወደው ድምጿን ነበር።»

ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ ጣቴን ጉንጬ ውስጥ ከተትኩ።