ከምሽጉ ውስጥ ያለው ሎሚ

ሐይቁ ዳር ያለው የድንጋይ ምሽግ ከተዘጋ ወዲህ ጦጣና ቁራ ነው የሚገባበት። ጣሊያን የካበው፣ ኋላም የኛው ወታደሮች የኖሩበት ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የወታደርነት ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ነው፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ከበሩ አላለፍሁም። ከዓባይ ማዶ በእግሬ ተነሥቼ ምሳውን በአገልግል አደርሳለሁ፣ ዘበኛው ይቀበለኛል፣ ከበሩ ፊት ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አገልግሉ ሲመለስልኝ ታዲያ ባዶውን አይደለም። ሁለት ሎሚ፣ አንዳንዴም ሦስት አለበት። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስማ! ደልጊ ተወልጄ ከዚያ ወዲህ ስንት አገር ዞሬያለሁ፣ ከስንቱ ሰው እጅ ተቀብያለሁ፤ እንደነዚያ ሎሚዎች ያኮራኝ የለም። "ባሌ ላከልኝ" እያልሁ ለጎረቤት አሳያለሁ እንጂ አንዱን እንኳ አላካፍልም ነበር።

ዘንድሮ "ምሽጉ ምን ይሁን?" ተብሎ የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ተጠራ። ግማሹ ፈርሶ ሆቴል ይሠራበት ይላል፤ ግማሹ ግንቡም ግቢውም እንዳለ ይቅር፣ የድሮው ነገር ይታይበት፣ ልጆች ይጫወቱበት ይላል። እዚያ ያገለገለ ሰው ይናገር ተባለ። የተነሣችው ማን ትመስላችኋለች? ከወታደሮቹ ወጥ ቤት ትሠራ የነበረችው ሴት! ድሮም አልወዳትም። እኔን ከውጭ ፀሐይ ሲመታኝ እሷ ከውስጥ ጥላ ላይ ነች። እኔ የሠራሁትን ወጥ ባሌ ሲበላ የምታየው እሷ ነች። ጥርሷ እንኳ እስከ ዛሬ ሙሉ ነው።

"ከግቢው መካከል የሎሚ ዛፍ አለ" አለች። "የተከለው የእትዬ ባለቤት ነው፣ ውኃ ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ። ይኸው እትዬ አሉ፣ ይመስክሩ፤ በአገልግላቸው ሎሚ ስልክላቸው ነው የኖርሁት። ባለቤታቸውማ መች ትዝ ይላቸዋል! በልተው ክዳኑን ገጥመው ሊልኩት ሲሉ፣ 'ኧረ የሰው ዕቃ ባዶውን!' እያልሁ እኔ ነበርሁ የምጨምርበት።"

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ያ ሁሉ ሎሚ የሷ ኖሯል!

ስብሰባውን የሚመራው ወጣት ወደኔ ዞሮ፣ "እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለኝ።

"ይፍረስ" አልሁ። "ሆቴሉ ይሠራ፤ ለልጆች እንጀራ ይሆናል።"

የልጆች እንጀራ በልቤም አልነበረ። ያ ዛፍ ከሥሩ ሲመነገል ነበር የታየኝ። ሰው ግን የሟቹ ሚስት ናት ብሎ ቃሌን አከበረ፤ "ልክ ናቸው" የሚለው በዛ። ውሳኔው ለሳምንት ተቀጠረ።

በነጋታው ያች ሴት እንቅብ ሙሉ ሎሚ ይዛ ከቤቴ መጣች። "ልጆች በግንቡ አሾልኬ ያስለቀምሁት ነው፤ ዛፉ ሳይቆረጥ ይቅመሱት" ብላ አስቀምጣው ሄደች። አሁን ይኼ ምን ይባላል? እርቅ ነው ወይስ አሽሙር? እንቅቡ ሁለት ቀን ደጄ ተቀመጠ። ባዶውን እንዳልመልሰው ነውር ነው፤ ሞልቼ እንዳልመልሰው ቅናቴ እጄን ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ሽምብራ ቆላሁና እስከ አፉ ሞልቼ ከቤቷ ወሰድሁላት፤ ከሷ ላንስ ነው?

"ይህን ሁሉ ሽምብራ በምን ጥርሴ እችለዋለሁ፣ እትዬ?" አለች ስታየኝ።

"በጥርስሽማ አትታሚም።"

ሳቀችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "እኔኮ ምሳ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረኝም። ያ አገልግል ሲከፈት ሽታው ይገድለኝ ነበር።"

"እሱስ አያቀምስሽም ነበር?" አልኋት፣ መልሷን እየፈራሁ።

"አንዲት ጉርሻ እንኳ! 'የሚስቴ ነው' ብለው ዞር ይላሉ።"

አልዋሽም፣ ላዝንላት ሲገባኝ ደስ አለኝ። ሳትጎርስ መቅረቷ ደስ አለኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እኔም ለጎረቤት ያላካፈልሁት ሎሚ ትዝ አለኝ።

በቀጠሮው ቀን ቀድሜ ተነሣሁ። "ቃሌን አንሥቻለሁ። ግንቡም ዛፉም እንዳለ ይቅር።"

አንድ ሽማግሌ አጉረመረሙ። "ሴትዮ፣ ቃል እንደ ነጠላ ይገለበጣል እንዴ?"

"የገለበጥሁትስ ባለፈው ሳምንት ነው፣ አባቴ። ዛሬ እያቀናሁት ነው።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። "አልጨረስሁም" አልሁ። "በሩ ፊት አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። እሷም አትነሣ። የዛፉ ነገር ለእንግዳ ሲወራ የድንጋይዋም ይወራ።"

ወጣቱ ጻፈው። እጅ ተቆጠረና ምሽጉ እንዳለ ይቅር የሚለው በለጠ። እኔም ከወረቀቱ ላይ ጣቴን አተምሁ።

ያን ዕለት በሩ ተከፈተልን። ዛፉ እንደፈራሁት አላማረም፤ ጎብጧል፣ ግማሹ ደርቋል። ያች ሴት ልትቀጥፍልኝ እጇን ስትዘረጋ ቀደምኋትና ራሴ ቀጠፍሁ።